የጠገበው ጉድጓድ

እናቴን የገደላት ደግነት ነው ብል ሰፈሩ ሁሉ ይቀየመኛል። ስለዚህ ጮክ ብዬ አልለውም። አንዳንድ ቀን ግን ከማስተምርበት ከአሶሳ ተነስቼ ወደ መንደራችን ስሄድ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለሁ በሆዴ እለዋለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጬ አስተግፊሩላህ እላለሁ። ክፉዎች ቢሆኑ ኖሮ ተጣልቻቸው ይወጣልኝ ነበር። በደግ ሰው የተናደደ ሰው ግን ንዴቱን የት ያደርሰዋል?

እናቴና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳዋ ቀርከሃ፣ ጣሪያዋ ሣር በሆነች ኩሽና ውስጥ እርጥብ እንጨት ስታነድ ኖረች። ስንጠራት ቀድሞ የሚመልስልን ሳሏ ነበር። አሶሳ ያያት ሐኪም «ሳንባዋ ከእንግዲህ ጭስ አይችልም» ሲለን አባቴ ነጠላዋን ያስተካክልላት ነበር። የሰማም አልመሰለኝ።

ሰምቶ ኖሯል። የግብርና ሰዎች መጥተው ባዮጋዝ የሚፈልግ ማነው ሲሉ መጀመሪያ የተነሳው እሱ ነው። ባዮጋዝ ከእበት የሚወጣ እሳት ስለሆነ ከብት ይፈልጋል፣ የኛ አገር ደግሞ ለከብት አይመችም፤ ወደ ወንዙ ወርዶ የጋጠ ከብት ዝንብ እየነከሰው በገንዲ በሽታ ያልቃል። አባቴ ላሞቹን ደጅ አስሮ ሣር እያጨደ ይቀልባቸው ጀመር። ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፤ ግንበኛ መጥቶ ገነባው፤ ከጉድጓዱ እስከ ኩሽናው ቱቦ ተዘረጋ። ባለሙያው ደጋግሞ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው፦ በየጠዋቱ አንድ ባልዲ እበት ከአንድ ባልዲ ውሃ ጋር አማስሎ መጨመር፤ ከዚያ ማሳነስም ማብዛትም የለም። አባቴ ይህን ልክ እንደ ሶላቱ ያዘው።

ምድጃው የተለኮሰ ዕለት እናቴ አላመነችም። ሰማያዊ ነገር ሽሽ ይላል፣ ጭስ የለውም። «እሳት ነው ወይስ የእሳት ቀልድ?» አለች። ሻዩ ሲፈላ ግን ቀልዷን ተወችው። ውሎ አድሮ ሳሏ ቀለለ። ኩሽና ውስጥ ስታንጎራጉር የሰማኋት ያኔ ነው፤ በፊት ለእንጉርጉሮ የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራትም። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

በክረምቱ መሃል ብርድ መታትና ሆስፒታል ገባች። አባቴ ከአጠገቧ አልለይ አለ፤ ቤቱን፣ ላሞቹን፣ ጉድጓዱንም ለጎረቤት አደራ ሰጠ። የአንድ ባልዲውንም ነገር ተናግሯል።

በኛ መንደር የታመመ ሰው ቤት ሥራ አይቆምበትም። ማሳው በደቦ ይታረማል፣ ከብቱ ይታለባል፣ ደጁ ይጠረጋል። እናቴ ደግሞ ለወላድ ገንፎ፣ ለሐዘንተኛ ውሃ ይዛ ያልደረሰችበት ቤት አልነበረም፤ አሁን ተራው የሰፈሩ ነው። ሁሉም ከየበረቱ እበት ይዞ መጣ። ስትመለስ እሳቷ ደህና አድርጎ ይንደድላት ብለው ነው። አንዷ ባልዲ ስታመጣ ሌላዋ እኔ ቀረሁ እንዳይባል ብላ ታመጣለች። ከኛ ቀጥሎ ያሉት፣ የአገሩ ነባር የሆኑት የበርታ ሴትዮ ከብት የላቸውም፤ እሳቸው የፍየል በጠጥ በሁለት ቅርጫት ሞልተው፣ እንደ አገራቸው ሴቶች በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥለው፣ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ሰፈርተኞቹ ለሰው ምግብ ሲሰጡ «በቃ» የሚለውን እንደማይሰሙት ሁሉ ለጉድጓዱም አልሰሙለትም። አጎረሱት፣ አጎረሱት፣ አጎረሱት።

እናቴን ይዘን ስንመለስ አባቴ ምድጃውን ከፈተና ክብሪት ጫረ። ጠፋ። ደግሞ ጫረ። የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወጣ እንጂ እሳት አልያዘም። ለባለሙያው ደወለለት።

«ስንት ስንት ነው የጨመራችሁበት፣ አባቴ?» አለው ባለሙያው።

«ሰፈሩ ነው የጨመረ።»

ሰውየው ገባው። «ከልክ በላይ በልቶ ኮምጥጧል። በቃ ምንም እንዳትጨምሩበት፤ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል።»

«መች?»

«እንጃ። ብርድ ነው፣ ክረምት ነው። ይቆያል።»

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የመጀመሪያ ቃሏ «ለማንም እንዳትናገሩ» የሚል ነበር።

«እማ፣ ቢያንስ እበት ማምጣቱን ይተዉ እንጂ! ምን ክፋት አለው ቢነገራቸው?»

«አንች ልጅ፣ ሰው በዝናብ ለኔ ብሎ እበት ተሸክሞ፣ አበላሻችሁብኝ ልበለው? ወላሂ አልለውም። በኔ የተነሳ ማንም አንገቱን አይደፋም።»

«ጭሱስ? ሳንባሽስ?»

«ሳንባዬን እኔ አውቃለሁ።»

አባቴን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። እሷን እምቢ ማለት አያውቅም። በደህናው ጊዜ የምወድለት ነገር ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። በየጠዋቱ ጎረቤት እበቱን ያመጣል፤ አባቴ መርቆ፣ አመስግኖ ይቀበላል፤ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ተሸክሞ ከማንጎው ሥር ይደፋዋል። ማንጎው እንደዚያ ዓመት ጠግቦ አያውቅም። ምግቡን ሰው ሳይነሳ፣ ገና ሲነጋጋ፣ አባቴ በእንጨት ያበስለዋል፤ እሷ ጭሱ ወዳለበት እንዳትጠጋ አስምሏታል። እኔም አርብ አርብ ከአሶሳ እየመጣሁ አግዘዋለሁ። ጎረቤት ሁሉ «እሳቱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ይነዳል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዕድሜ ለናንተ» ትላለች እናቴ፣ በሁለት ቃል መሃል ትንፋሽ እየሰበሰበች። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ጓሮ እሄዳለሁ።

አንድ ቀን፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ አባቴም ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ሳለ፣ እኒያ የበርታ ሴትዮና ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። ዶፍ ዝናብ ነበር፤ በስብሰዋል። እናቴ በዝናብ የመጣ ሰው ባዶ አፉን አይወጣም አለች። እኛ እናፍላ ቢሏት «ባዮጋዙን አታውቁበትም፣ ያስቸግራችኋል» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ተነሳች። ኩሽናው ከቤቱ ጀርባ ነው። ገብታ በሩን ዘጋች፤ ጭሱ ወደነሱ እንዳይሄድ ነዋ! የረጠበ ቀርከሃ እፍ ብላ አነደደች፤ ሻዩን አፍልታ፣ በትሪ ደርድራ፣ ራሷ ይዛ ገባች። እስኪጠጡ አብራ ተቀመጠች። ሲወጡ እስከ በር ሸኘቻቸው።

አባቴ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ አልጋውን ተደግፋ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኛት። ደውሎልኝ መኪና እየፈለግሁ ሳለ ነው ያረፈችው።

ለቅሶው ላይ ሰፈሩ አልቀረም። እንጨት የሚፈልጠው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ሰደቃውን የሚያዘጋጀው እነሱ ናቸው። እያንዳንዳቸው እየመጡ «ዋናው ነገር በመጨረሻዋ ጭስ ሳታይ ነው የሄደችው፣ እሳቷ ነዶላት ነው» እያሉ ያጽናኑኛል። አሚን እላለሁ።

ሰው ሲቀንስ የበርታዋ ሴትዮ መጥተው አባቴና እኔ መሃል ተቀመጡ። ፊታቸው ከለቅሶው ብዛት አብጧል። መሬቱን በጣታቸው ሲጭሩ ቆዩና ወደኔ ዞረው፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛቸው ጀመሩ።

«ያን ቀን እናትህ ሻይ አመጣ። እኔ ቀረብኩ፣ ነጠላው ጭስ ጭስ ይላል። ዓይኑ ቀይ ነው። እኔ አወቅሁ፣ ይሄ እንጨት ነው። ግን አልጠየቅሁም። እሱ ያፍራል ብዬ፣ ወላሂ፣ እሱ እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩ፣ ሻዩን ጠጣሁ።»

እሷ እነሱ እንዳያፍሩ፣ እሳቸው እሷ እንዳታፍር፤ ሁለቱም በዚያ ሻይ ላይ ተቀምጠው እየተሳሳቁ ነበር። አንዳቸው አፋቸውን ቢከፍቱ ኖሮ እናቴን እየጨረሰ የነበረው ነገር ያን ቀን ይቆም ነበር።

«ያ እሳት» አሉ ሴትዮዋ ወደ አባቴ ዞረው፣ «እኛ ያበላነው እሳት... እምቢ አለ እንዴ?»

አባቴን አየሁት። በል ንገራቸው፣ አሁን ደግሞ ማንን ልትጠብቅ ነው፣ አልኩት በዓይኔ። እሱ ግን እጃቸውን ይዞ «ኧረ ሲነድ ነበር» አላቸው። «ያን ቀን ብቻ ቱቦው የዝናብ ውሃ ገብቶበት ነው። የናንተ እሳት ሲነድ ነበር፣ እቴ።» ሴትዮዋ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ሲወጡ፣ ከአመጣጣቸው ይልቅ አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሄዱት። በአባቴ ተናደድኩ፤ ደግሞም እናቴን በሱ አፍ የሰማኋት መሰለኝና ተደፍቼ አለቀስኩ።

ዝናቡ ሲቀንስ፣ ፀሐይ ጉድጓዱን ስታሞቀው፣ ባለሙያው እንዳለው ሆነ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ከኩሽና ጠራኝ። ምድጃውን ከፍቶ ክብሪት ይጭራል፤ በየቀኑ ሲሞክረው ኖሯል፣ እኔ አላውቅም። ሽታው ጠፍቷል። እሳቱ ቦግ ብሎ ያዘ፤ ያ ሁሉ ሰፈር ያጎረሰው ጉድጓድ ሆዱ ተከፍቶለት፣ እናቴ በሕይወቷ ባላየችው ኃይል፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ አንዲት ክር ጭስ ሳይኖረው ነደደ። ምንም የተጣደበት የለም።

አባቴ ክብሪቱን እንደያዘ ቁጢጥ አለ። ቀብር አምልጦት ዘግይቶ የደረሰ ዘመድ የሚያናግር ይመስል እሳቱን ትኩር ብሎ አየውና፣

«አሁን ነው የምትመጣው?» አለው።