ሁለት ክብ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጉልበቴን ይዞኛል፤ ገና ሰባ ደብተር አርማለሁ። ለአራተኛ ክፍሎች ሰሌዳው ላይ ክብ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን ስዬ "ቀጥሉ" ብያቸዋለሁ። ያንኑ ከመጀመሪያው መድገም ነው፤ ምን ያስቸግራል? አንዷ ግን አራት ክብ አከታትላ ሦስት ማዕዘን ሠራች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩባት።

ደብተሯን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ለምን ኤክስ ሆነ?"

"አራት ክብ ከየት አመጣሽ?" ብዬ ጮህኩባት።

"ከሰኞ ሲቆጠር ሦስት ማዕዘኑ ጾም ነዋ፤ ረቡዕና አርብ። ከአርብ በኋላ እስከ ረቡዕ አራት ቀን ይበላል።"

ሂጃቧን አየሁት። "የረቡዕ ጾም አንቺን ምን አገባሽ?"

"ጓደኛዬ ትጾማለች። ምሳ አብረን ስለምንበላ፣ ረቡዕና አርብ እናቴ የጾም ነው የምትቋጥርልኝ። ዛሬም ሽሮ ነው የበላነው።"

ዛሬ? ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ረቡዕ ነው። እኔ ጾም አላጓድልም ባዩ ደግሞ ምሳዬን እንቁላል ፍርፍር በልቼ ነበር።

ደብተሯን ተቀበልኳት። ቀይ እስክሪብቶ በላጲስ አይለቅም።