የውጭ ቋንቋ፦ የለም

ሪከርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማኅተም ገልብጬ መታሁ። አዘዞ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሥራውን ያስረከቡኝ አያ ደሴ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር። ያበላሸሁትን ትራንስክሪፕት አንስተው አዩና፣ "ልጁ በጭንቅላቱ ቆሞ ነው እንዴ የተማረው?" አሉኝ። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ ሰጥተው እስከ ምሳ ሰዓት ማኅተም ሲያስመቱኝ አረፈዱ።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የክፍል ኃላፊ መምህራን የውጤት ሮስተር ያመጣሉ፤ እኔ ማርኩን ወደ ተማሪው ካርድ እገለብጣለሁ። ትራንስክሪፕት ሲጠየቅ እሠራለሁ፤ ርእሰ መምህሩ ይፈርማል፤ የስሙን ቲተርና ክቡን ማኅተም እመታለሁ፤ እኛ ዘንድ የሚቀረውን ቅጂ ፋይል አደርጋለሁ። ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም።

መስኮቴ ላይ የሚቆም ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንግሊዝኛው ነው። እውነት አለው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመልቀቂያ ፈተናውም እንዲሁ። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅስ ምን ይጠቅመዋል? ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጣ ልጅ እንግሊዝኛ አንቆት ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ሲቀር አይቻለሁ። እንዲህ ላለው ልጅ ውጤቱን ስሰጥ ዓይኑን ማየት አልወድም ነበር።

ባንቺአምላክን ግን እንግሊዝኛ አላነቃትም። አባቷ አያ ፈንታሁን ጭልጋ ገበሬ ናቸው፤ እሷ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እዚሁ አጠገባችን ፀዳ፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነው የተማረችው። ነገረኛ ልጅ ነበረች። ማርኳ በግማሽ ነጥብ ከጎደለ መስኮቴን ሳታንኳኳ አታድርም። እኔም እየተቆጣኋት እወዳት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ ወጪዋን ሁሉ ችሎ ለሚያስተምር አንድ የባሕር ማዶ ኮሌጅ አመልክታ፣ ትምህርት ቤቱ የሚሞላውን ቅጽ አመጣችልኝ።

ቅጹ ትምህርት የሚሰጠው በምን ቋንቋ እንደሆነ ይጠይቃል። እንግሊዝኛ፣ ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ፣ ከማስተማሪያው ቋንቋ ሌላ ተማሪዋ የውጭ ቋንቋ ስንት ዓመት ተምራለች ይላል። ፈረንሳይኛ አናስተምር፣ ዐረብኛ አናስተምር። የለም፣ ብዬ ጻፍኩ። ማኅተሜን መትቼ ላክሁ፤ ጥርጣሬ የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም።

በሦስተኛው ሳምንት ባንቺአምላክ ስልኳን በመስኮቱ አሾልካ የኮሌጁን መልስ አሳየችኝ። ሌላውን ሁሉ አሟልታለች፤ ኮሌጁ ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ትምህርት ይፈልጋል። በዐሥር ቀን ውስጥ ማስረጃ ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ያች ነገረኛ ልጅ ስልኳን ተቀብላ ሳትከራከረኝ ሄደች።

ምክትል ርእሰ መምህሩ ሰማ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን አንዳንዴ ጣጣ ያመጣል።

"ወይዘሮ ዘርፌ፣ ፈረንሳይኛ ሁለት ዓመት ብለው ይጻፉላት። ማን ያያል?"

"ያልተማረችውን? እዚያ ሄዳ በፈረንሳይኛ ሲያናግሯት ምን ልትል ነው?"

"እስከዚያ ትማረዋለች።"

"በሐሰት ላይ ማኅተም አልመታም" አልኩት። ቢሆንም፣ እውነቱን ጽፌ ልጅቷን ገደል የሰደድኳት መሰለኝ።

በማግሥቱ አያ ፈንታሁን ራሳቸው መጡ። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው።

"ምነው እትዬ፣ እንግሊዝኛ የውጭ አይደለም?" አሉኝ።

"የውጭማ ነው አያ ፈንታሁን። ግን የምናስተምረው በሱ ነው።"

"ታስተምሩበት። ከመቸ ወዲህ ነው የኛ የሆነው? እኔ ቤት አንድም ሰው አይናገረው። ይች ልጅ ላሟን በእንግሊዝኛ ጠርታት አታውቅም።"

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። እንግሊዝኛን አፍ መፍቻዋ አስመስዬ ነበር የላክሁት።

ፋይሏን አወጣሁ። ከዘጠነኛ በፊት ካለው እኛ ዘንድ የሚገኘው የስምንተኛ ክፍል ውጤቷ ብቻ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች ሁሉንም በአማርኛ ስትማር እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ለብቻው መውሰዷን የሚያሳየው ካርድ አገሯ ቀርቷል። አያ ፈንታሁን ያን ዕለት ወደ ጭልጋ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ካርዶቹን በላስቲክ ጠቅልለው፣ አቧራ እንደለበሱ መጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

እስከ ስምንተኛ ማስተማሪያዋ አማርኛ፣ እንግሊዝኛው ደግሞ የውጭ ቋንቋዋ ነበር የሚል የማረሚያ ደብዳቤ አዘጋጀሁ፤ ርእሰ መምህሩ ግን አንገራገረ። "ትምህርት ቤቱ ተሳስቷል ብዬ አልፈርምም" አለ። "ሪከርድ ሠራተኛዋ ተሳስታለች ይባል" አልኩት። ጡረታዬ ደርሶ ነበር፤ እስከዚያ ቀን በስሜ የተጻፈ ስሕተት አልነበረብኝም። ቢከነክነኝም ጻፍኩት።

ኮሌጁ ተቀበላት። አያ ፈንታሁን "ሸጋ፣ ሸጋ" እያሉ ትከሻዬን ሳሙኝ። እሷ ግን ነገረኛነቷ ተመለሰላት። "መጀመሪያውኑ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎ ነበር፣ እትዬ" አለችኝ።

ይህ አባባሏ፣ ሌላስ ማንን ሳልጠይቅ ሞላሁ አሰኝቶ ወደ ቅጂዎቹ ካቢኔት ሰደደኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዚያው ኮሌጅ ኤፍሬም ለሚባል ተማሪ ያንኑ ቅጽ ሞልቼ ነበር። አገኘሁት። የውጭ ቋንቋ፦ የለም። ጽሕፈቱ የኔ ነው። አልተቀበሉኝም ሲለኝ "ዕድል ነው ልጄ" ብዬ አጽናንቼው ነበር። ለምን እንዳልተቀበሉት እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ኤፍሬም ባጃጅ ይነዳል። ፌርማታው ድረስ ሄጄ ነገርኩት። ሞተሩን አጥፍቶ ሰማኝ። እንባው የኔ ነበር፤ እሱ አላለቀሰም።

"ያን ደብዳቤ አሁን ለኔም ይጽፉልኛል?" አለኝ።

ጻፍኩለት። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነው። ኮሌጁ፣ ትምህርት ከጨረሰ ከአንድ ዓመት በላይ የሆነውን አንቀበልም ብሎ መለሰ።

ኤፍሬም ዛሬም መንገድ ላይ ካየኝ ሳይጭነኝ አያልፍም። በወንበሬ ለተቀመጣችሁ፦ እንዲህ ያለ ቅጽ ሲመጣላችሁ ከመሙላታችሁ በፊት ልጁን ጠርታችሁ ቤቱ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ ጠይቁት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።