ጄኔሬተሩ ሲጠፋ የቀዳነው አልበም

ጁባ የመጣሁት ቤዝ ጊታር ልጫወት ነው፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ቶንፒንግ በሚባለው የጁባ ሰፈር አንዲት የአዲስ አበባ ሴትዮ በከፈተችው ምግብ ቤት አራት ሆነን ቅዳሜና እሁድ እንጫወት ነበር። ጊታሪስታችንና ድራመራችን የጁባ ልጆች ናቸው። ዘፋኛችን ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች፣ ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ወደ ወላጆቿ አገር የተመለሰች ናት፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የምናወራው። የምንጫወተው የሰው ዘፈን፣ ያውም የድሮ ሮክ ነበር። ለመዝናናት የሚመጡት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ቢራቸውን ይዘው ትንሽ ይወዛወዛሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ይሄዳሉ። ማን እንደተጫወተላቸው ግን የሚያስታውስ አልነበረም።

አንድ እሁድ ዕቃችንን ስንሰበስብ ጊታሪስቱ "የራሳችንን አልበም ለምን አንሠራም?" አለ። ላፕቶፕና አንዲት ትንሽ መቅጃ ነበረችው። የጎደለን የምንቀዳበት ክፍል ነው። የምግብ ቤቱን ባለቤት የማናግራት እኔ ሆንኩ።

"እትዬ፣ ያ ከጓሮ ያለው የለስላሳ መጋዘን ሥራ ላይ ነው?"

"ባዶ ሳጥን ብቻ ነው። ምን ፈልገህ ነው?"

"ዘፈን ልንቀዳበት።"

"እዚያ ውስጥ? በሙቀት ልታልቁ ነው እኮ!" አለችና ቁልፉን ሰጠችኝ።

አሮጌ ፍራሾች ለምነን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ችግሩ ጄኔሬተሩ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ስለተተከለ ድምፁ በየዘፈኑ ውስጥ ይገባል። እትዬ ምሳ ሰዓት አልፎ ደንበኛ ሲሳሳ ታጠፋልን ጀመር፤ "ፍሪጁ እስኪሞቅ ድረስ ነው፣ ቶሎ በሉ" ትለናለች። እኛም በባትሪ እንቀዳለን። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም ላቡ ከአገጫችን ይንጠባጠብ ነበር። ድራመራችን በካናቴራ ብቻ ሆኖ ይመታል፤ የእኔ ጣቶች ክሩ ላይ ይንሸራተቱብኛል።

መጀመሪያ የቀዳናቸው ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ነበሩ። ስህተት የለባቸውም፤ ግን ደግመን ስንሰማቸው ማናችንም አልተነቃነቅንም። ጊታሪስቱ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ላፕቶፑን ዘጋ። ያኔ ዘፋኛችን እያፈረች "አንድ የጻፍኩት ቀልድ ነገር አለኝ" አለች።

የጁባ ዐረብኛዋ እስከዛሬም የተሰበረ ነው። ዘፈኑ የተሠራው በዚያው በተሰበረ ዐረብኛ ነበር። አንዲት ሴት ዓሣ ልትገዛ ገበያ ወጥታ "ቀንሺልኝ" ለማለት ፈልጋ "ዚዱ" ትላለች፤ "ጨምሪ" ማለት ነው። ሻጯ በደስታ ዋጋውን ትጨምራለች፤ ይቺም ግራ ገብቷት "ዚዱ፣ ዚዱ" እያለች ትከራከራለች። በራሷ በዘፋኛችን ላይ የደረሰ ነው።

ድራመራችን ከሳቁ የተነሳ የከበሮ መምቻውን ጣለ። ወዲያው ግን አንስቶ መምታት ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩት። ጊታሪስቱ የጊታሩን ድምፅ አሻክሮ፣ ከፍ አድርጎ ገባ። ያን ቀን ገና ባንድ የሆንን መሰለኝ።

ቀድተን ስንጨርስ ግን እሷ ፈራች። "ይሄ ከአልበሙ ይውጣ፤ ሰው ይስቅብኛል" አለች።

"ይሳቅብሽ" አላት ድራመራችን። "እናቴም ከገጠር እንደመጣች እንደዚህ ነበር የምትናገረው። ይሄ የብዙ ሰው ታሪክ ነው።"

እንግሊዝኛዎቹን ጥለን ሌሎቹን ዘፈኖች ሁሉ በዚያ መንፈስ እንደገና ሠራን፤ በጁባ ዐረብኛ፣ በኑዌር፣ አንዱን በአማርኛ።

አልበሙን ያሰራጩት ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ናቸው። አንዱ ሞተሩ ላይ ባሰረው ስፒከር አጫወተው፣ ከእሱ ሌላው ሰማ። ብዙም ሳይቆይ ቡሉክ ሰፈር ያሉ ሞባይል ቤቶች ሳይጠይቁን እየገለበጡ ይሸጡት ጀመር። ጊታሪስቱ ፖሊስ ካልጠራሁ አለ። ዘፋኛችን ግን ሱቆቹን አንድ በአንድ ዞረች። "ሰው ከፈለገው ከእኛ ወስዳችሁ ሽጡ" አለቻቸው። ዘፈኖቹን የጫንበት፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶአችን ያለበት ሜሞሪ ካርድ አዘጋጀን። እነሱም ወሰዱ፤ አለቀባቸው፤ እንደገና መጡ። የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ጉምቦ በሚባል ሰፈር ያለ ነጋዴ ለብቻው አዘዘን። ሬዲዮኖቹም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ሮክ ሸጠን መኖር ቻልን፤ ይህን ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ኮንሰርት አዘጋጀን። ሰው አጥሩ ላይ ሳይቀር ተንጠላጥሏል። የዓሣው ዘፈን ሲያልቅ ሕዝቡ "ዚዱ! ዚዱ!" ብሎ ጮኸ። ይድገሙት ማለቱ ነው። እሷ ዞር ብላ አየችኝና በአማርኛ "እየሳቁብኝ ነው እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ ጨምሪ እያሉሽ ነው!"

እየሳቀች ወደ ማይኩ ተመለሰች።

ባለፈው ከእሷ ጋር ገበያ ወጥተን ነበር። አንዲት ዓሣ ሻጭ አወቀቻትና ያንኑ አነጋገሯን እያስመሰለች ዘፈኑን ዘፈነችላት። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም ተቀበሉ። ዘፋኛችን አላፈረችም፤ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አብራቸው ዘፈነች። እኔም ፀሐይ ላይ ቆሜ እያጨበጨብኩ ጠበቅኳት፤ የምቸኩልበት ቦታ አልነበረኝም።