«ፈያ» የማይባልበት አግዳሚ

ነቀምቴ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ፈያ?» ይባባላል፤ ጤና ነሽ ወይ ማለት ነው። መልሱም ያው «ፈያ» ነው። የጡት ካንሰር እንዳለብኝ ካወቅሁ ወዲህ ይህቺን ቃል ጠላኋት። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ከተከራየሁበት ግቢ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሻሼን አይተው ይጠይቁኛል፣ «ፈያ» እላለሁ። አንዳንዱ ደግሞ መልሱን ራሱ ይዞልኝ ይመጣል፦ «ተፈውሰሻል፣ አሜን በይ።» አሜን እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል የሰሙ አይመስለኝም።

ሀርሜ እያልኩ የምጠራቸውን ሴት ያገኘኋቸው የኬሞ ተራ በምንጠብቅበት አግዳሚ ላይ ነው። ከጊዳ አያና የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ባላቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም። አክብሬ «እንዴት ነዎት፣ እናቴ» ልበላቸው ብዬ «አካም ጅርቱ፣ ሀርመ ኮ» አልኳቸው። በኦሮምኛ «እናቴ» ግን «ሀርሜ ኮ» ነው። «ሀርመ ኮ» ጡቴ ማለት ነው።

«እሱንማ ቆርጠው ወሰዱት» አሉ በአማርኛ፣ ደረታቸውን እያሳዩኝ። «ያንቺስ አለ?»

«ግራው ሄዷል» አልኩ።

ሳቁ። እኔም ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ነርሷ ምን ሆኑ ብላ ብቅ አለች። አማርኛቸው ልክ እንደ አገሬ ሰው ነበር። ከሰፋሪ ጎረቤቶቻቸው እንደተማሩት ነገሩኝ። ጎረቤቶቹ አሁን የት ናቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሄዱ» አሉ መስኮቱን እያዩ። ሁለተኛ አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ተራችን ጠጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «እቤቴ ሰው ሁሉ ይጸልይልኛል። አሞኛል ካልኩ እምነት ጎደላት ይሉኛል። አንቺ ዘንድ ግን ፈያ አልልም። አንቺም እንዳትዪኝ።» ተስማማን። ከዚያ በኋላ እዚያ አግዳሚ ላይ የሆዳችንን ተጫወትን። መስታወቴን በነጠላ መሸፈኔን ነገርኳቸው። እሳቸው ሞትን እንደሚፈሩ ነገሩኝ፤ ለባላቸው ነግረውት አያውቁም። ወደ ቤት ስመለስ ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር።

ቆይቶ ክንዳቸው ያብጥ ጀመር። ከዚያ ሳል መጣ። «የመንገዱ አቧራ ነው» አሉኝ። ዝናብ ነበር፣ አቧራ አልነበረም። እኔ ግን አቧራ እንዲሆን ስለፈለግኩ አመንኳቸው።

ከዚያ በጸጥታው ችግር በጊዳ አያና በኩል መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። ተራችን ሲደርስ ነርሷ ስማቸውን ጠራች። «እየመጡ ነው» አልኳት፣ የማውቀው ነገር ሳይኖር። ደግማ ጠራችና ተወችው። ሌላ ሴት መጥታ ቦታቸው ላይ ስትቀመጥ ተናደድኩባት፤ ምን አደረገችኝ ምስኪኗ። በዚያው ሰሞን ገላዬን ስታጠብ ቀኝ ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ለሐኪሙም አልነገርኩ፣ ለእህቴም አልነገርኩ። መጀመሪያ ለሀርሜ ልናገር ብዬ ያዝኩት።

ስልክ የተመለሰ ቀን ሀርሜ ደወሉ።

«ሀርመ ኮ» አልኩ ቶሎ ብዬ። አልሳቁም። ከኋላቸው ሰዎች ሲጸልዩ ይሰማል።

«እንዴት ነዎት?»

«ፈያ።»

ሰው ስላለ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ሰዎቹ እስኪወጡ ልጠብቅ» አልኳቸው። ጠበቅሁ። ጸሎቱ አለቀ፣ አንድ በአንድ ተሰናበቷቸው፣ በሩ ተዘጋ። የቀረው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር፤ አጭር አጭር ነበር።

«አሁን ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።»

«እንዴት ነዎት ታዲያ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«ፈያ» አሉ ቀስ ብለው። «መርፌሽን እንዳትተዪ። አንቺስ? እንዴት ነሽ?»

እጄ ቀኝ ጡቴ ላይ ነበር።

«ፈያ» አልኳቸው።