ዘፈኑ በማን በኩል ይለፍ

ባለገመዷ የሚለውን ስም ያወጡላት ዲጄ ሆና የምትሠራበት የድግስ አዳራሽ ወንበር ደርዳሪዎች ናቸው። ሌሎቹ ዲጄዎች ሥራ ሲያልቅ ገመዱን እንደ አንጀት ጠቅልለው ቦርሳ ውስጥ ይወረውሩታል። እሷ ግን እያንዳንዱን ከመዳፏ እስከ ክርኗ ጠምጥማ፣ ወገቡን በቀይ ክር አስራ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በጨርቅ ቁራጭ ላይ ጽፋ ካላስቀመጠች እንቅልፍ አይወስዳትም። ክሩም ጨርቁም ከባሏ ነው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉም አይቦዝንም። «ሌላው ሚስቱን በወርቅ ይይዛል፣ እኔ በክር ብቻ ይኸው ሠላሳ ዓመት ያዝኳት» ይላል ደንበኛ በመጣ ቁጥር።

ዲጄ ልሁን ብላ አስባ አታውቅም። በወጣትነቷ የአንድ ሆስፒታል ስልከኛ ነበረች፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ያኔ ስልክ እንዲህ በየኪሱ አልነበረም። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ አንዱን ገመድ ነቅላ ሌላው ቀዳዳ ስትሰካ የሰው ደስታም መርዶም በእጇ ያልፍ ነበር። «ወንድ ልጅ ተገላገለች» የሚለውም፣ «በሉ ቶሎ ድረሱ» የሚለውም። የሐኪሞቹን ድምፅ ገና «ሀሎ» ከማለታቸው ትለያለች፤ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ሁሉ ታውቃለች፤ ትንፍሽ ግን አትልም። ያን ዘመን ስታነሳ ፊቷ ለስለስ ይላል። በኋላ ማዞሪያው ራሱን በራሱ የሚያዞር ሆነና የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኟት። ሰዓቱ ባሏ የሚሰፋበት ክፍል ተሰቅሏል፤ አሥር ደቂቃ ይቀድማል።

አዳራሹ ውስጥ የገባችው የእህቷን ልጅ ሠርግ ልትበላ ሄዳ ነው። መሃል ላይ ድምፁ ድንገት ጠፋ። ወንዶቹ ሁሉ ስፒከሩን ከበው አንዱ ባንዱ ላይ ሲጮህ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ጠረጴዛው ሥር ገባችና የላላውን ገመድ ፈልጋ ሰካችው። የአዳራሹ ባለቤት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉልበቷን እያራገፈች ስትወጣ አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ እዚህ ቁሚ» አላት። ቆመች። አሥራ አራት ዓመት ቆመች።

ሰውየው ሲሞት አዳራሹ ለልጁ ቀረ። ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የኬክ ክሬም ሲልስ የምታውቀው ልጅ ከረባት አስሮ ሥራ አስኪያጅ ተባለ፣ እሷንም «እርስዎ» ይላት ጀመር። መጀመሪያ ያልጣማት እሱ «እርስዎ» ነው። አክብሮት አይመስልም፤ ወንበር አምጥቶ ተቀመጪ እንደማለት ነው።

ልጁ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ሚክሰር ገዛ። ሚክሰር ማለት ዲጄው አንዱን ዘፈን ካንዱ የሚያገናኝበት፣ ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት ሳጥን ነው። ዘፈኑ ራሱ እንደ ድሮው ከሲዲ ማጫወቻው ይመጣል፤ አዲሱ ሚክሰር ግን በአንድ ቀጭን ገመድ ከኮምፒውተር ጋርም ይያያዛል። ኮምፒውተሩ ላይ በሚጫን ሶፍትዌር ዘፈኑን እንደ ገደል ማሚቶ ማስተጋባት ይቻላል፤ ውኃ ውስጥ የገባ ማስመሰል፣ እንደ ሽንኩርት መክተፍም ይቻላል። ይኼን ነው ኢፌክት የሚሉት።

«ደንበኛ አሁን የሚጠይቀን ይኼን ነው» አላት ሥራ አስኪያጁ። «ካልቻሉበት ይንገሩኝ።»

«አልችልም ብዬህ የማውቀው ነገር አለ?» አለችው።

እንዲያሳያት የሚስቱን ወንድም ላከላት። አርባ ዓመት የሞላው፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩን ከብብቱ ስለማይለይ ግን አገር ምድሩ ላፕቶፕ ነው የሚለው። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ባንክ ቤት ብቻ ናቸው ይባላል። ላፕቶፕ መጥቶ፣ ልጇ አዲስ ስትገዛ ለእናቷ በተወችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩን ጫነላት፤ ሚክሰሩንና ኮምፒውተሩን የሚያስተዋውቀውን ትንሽ ፕሮግራምም ጨመረ፤ ገመዱን ሰካ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጎ «አለቀ፣ ይጫወቱ» ብሏት ሄደ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ የምረቃ ድግስ ነበር። ተመራቂዎቹ ጋውናቸውን ወንበር ላይ ጥለው የጭፈራው ሜዳ ሞልቷል። ባለገመዷ ደስ ብሏት፣ እየደጋገመች በሚክሰሩ ቁልፍ ማሚቶዋን ትለቃለች። ሕዝቡ በጣም የሚወደው ዘፈን ጫፍ ላይ ሲደርስ የኮምፒውተሩ መስኮት ጠቆረ። ወዲያው አዳራሹ ጭጭ አለ። አንዱ ተመራቂ ሁለት እጁን እንደሰቀለ ቀረ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ አንድ ሰው።

«መብራትስ አለ፣ ዲጄዋ ናት የሄደችው» አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ኮምፒውተሩን ቀስቅሳ ድምፁን እስክትመልስ አንድ ደቂቃ አልሞላም። በዚያች ደቂቃ ግን ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ጋለ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ እሷ ቆማ ዘፈን ተቋርጦ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ጊዜው ሄዷል። ብዙ ለፍተዋል። አሁን ይረፉ፣ ቅዳሜ ያለውን ሠርግ የሚስቴ ወንድም ይሥራው። የምስክር ወረቀት እናዘጋጅልዎታለን…»

«የምስክር ወረቀት አለኝ» አለችው። «ሰዓትም አለኝ።»

«አልገባኝም።»

«አይግባህ። ስማኝ፣ የቅዳሜዋ ሙሽራ አክስት ሐሙስ አራት ሰዓት አዳራሹን ልታይ ትመጣለች አላልክም? እሷ ፊት ላፕቶፕም ያጫውት፣ እኔም ላጫውት። የመረጠችው ይቁም። እኔን ካልመረጠች ዕቃው የሚቆለፍበትን ቁም ሣጥን ቁልፍ እዚሁ ጠረጴዛህ ላይ ጥዬልህ እሄዳለሁ፤ ደጃፍህንም አልረግጥ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ሰው ፊት ራሷ ተዋርዳ ብትሄድ ለሱም ይቀለዋል። «ይሁን» አለ።

ቤት ስትገባ ባሏ የልብስ ስፌት መኪናውን አቁሞ አዳመጣት። ሲያዳምጥ ብቻ ነው ዝም የሚለው።

«ተይው ባክሽ» አለ በመጨረሻ። «ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላሽ። እግርሽም ማታ ማታ ያብጣል። እዚህ ተቀምጠሽ ቁልፍ ትተክዪልኛለሽ።»

«አንዴ ሸኝተውኛል» አለችው። «ያኔ ልቤ ፈሪ ነበር፣ አቀርቅሬ ወጣሁ። ማሽኑ ተሻለ አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንኳ አልጠየቅኩም። አሁን ሳልጠይቅ ንቅንቅ አልልም።»

ባሏ መቀሱን አስቀመጠ። «እኔ እግርሽን ብዬ ነው እንጂ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። ቆይቶ ደግሞ፣ «ያን ከረባታም ግን ሱሪውን ሊያሳጥር ሲመጣ አንዱን እግር አስረዝምለታለሁ» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ወለሉ ገና ሲወለወል አዳራሹ ደረሰች። ላፕቶፕ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል።

«የዛን ቀን ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

«ኮምፒውተርዎ ተኛ፣ እትዬ። ካልነኩት ይተኛል፤ እንዳትተኛ ብለው ማዘዝ ነበረብዎ።»

ይኼ የራሷ ጥፋት ነበር፤ ዋጥ አደረገችው። «እሺ፣ ኮምፒውተሩ ይተኛ። ዘፈኑ ለምን ተኛ?»

ላፕቶፕ ሳቀ። «ዘፈኑ በኮምፒውተሩ በኩል ነዋ የሚያልፈው። ሚክሰሩ ይሰጠዋል፣ እሱ ይሠራና ይመልሳል። እሱ ከተኛ የሚመልስ የለማ።»

«የግድ ነው?»

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚሠራው» አለና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መለሰ።

ሁሉም እንደሱ ነው የሚሠራው። ነገሩ አልዋጥ አላት። እዚያው ቆማ በሐሳቧ ወደ ድሮ የስልክ ሰሌዳዋ ሄደች። እዚያም መስመር የማዳመጫ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ፣ ገመዱን ነቅለሽ በራስሽ በኩል ማሳለፍ፤ ያኔ አንቺ ካስነጠስሽም ከተነሳሽም የሰዎቹ ወሬ ይቋረጣል። ሌላው፣ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ወደታች ጫን ማድረግ፤ ሰዎቹ በመስመራቸው ያወራሉ፣ ላንቺ ቅጂው ብቻ ይደርስሻል። ማዳመጫሽን አውልቀሽ ብትሄጂም ምን ቸገራቸው። አንዲት አዲስ ገቢ ልጅ ይኼን ሳትለይ አንድ ቀዶ ጠጋኝ መሃል ንግግር ላይ ቆርጣበት፣ ሰውየው ጓንቱን እንዳጠለቀ ማዞሪያ ክፍል ድረስ መጥቶ የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለ።

እንዲህ ያለች ማብሪያ እዚህስ አትጠፋም አለች በሆዷ። መነጽሯን አደረገች፣ ሚክሰሩን ከግራ ጀምራ በጣቷ እየዳበሰች አንድ በአንድ አየችው። የኢፌክቱ ቦታ ግርጌ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ወዲህና ወዲያ የምትል ማብሪያ አገኘች። ገፋ አደረገቻት። ዘፈን ለቀቀች። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሆን ብላ አስተኛችው።

ዘፈኑ አልቆመም።

ደስታዋ ግን እስኪነቃ ድረስ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነቃ ድምፁ ተበላሸ፤ አንድ ዘፋኝ ሁለት ሆኖ፣ አንደኛው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ፣ ሌላውን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሚዘፍን ይመስላል። ያን ቀን ሙሉ ለፋች። ላፕቶፕ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ያያታል፤ እሷ ግን አልጠየቀችውም፣ እንዳላየች ሆነች። ረቡዕ ረፋዱ ላይ ገባት። ሚክሰሩ ዘፈኑን ቀጥታ እያሰማ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ማሚቶውን ብቻ መመለስ ሲገባው፣ ያንኑ ዘፈን ትንሽ አዘግይቶ አብሮ ይልካል። ዘፋኙ ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ከዋናው ድምፅ ስንት፣ ከማሚቶው ስንት የሚል አንድ ቁልፍ ነበር፤ መሃል ላይ ቆሟል። እስከ ዳር አዞረችው፤ ዋናው ዜሮ፣ ማሚቶው መቶ። ቧንቧው ጠፋ። ዘፈኑ ንጹሕ ሆነ፣ ማሚቶው ከላዩ እንደ ጥላ ተከተለው። አሮጌዋን ኮምፒውተርም ሁለተኛ እንዳትተኛ አዘዘቻት።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የሙሽራዋ አክስት መጣች። ሰፊ ኮፍያ ያደረገች፣ ስትስቅ ትከሻዋም አብሮ የሚስቅ ሴት ናት። ሥራ አስኪያጁ ፊት ለፊት አስቀመጣትና «ሁለት ዓይነት አማራጭ እናሰማዎታለን» አለ፤ ሱቅ የገባች አስመሰላት።

መጀመሪያ ላፕቶፕ አጫወተ። እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው። ዘፈኑን ከተፈው፣ አሽከረከረው፣ አንቆ ይዞት መልሶ ለቀቀው፤ የሴትዮዋ እግር ሳታውቀው ወለሉን መታ። ባለገመዷ የሴትዮዋን እግር አየች። እንዲህ ያለውን እሷ ልሥራ ብትልም፣ በመረጠችው መንገድ አይሠራም።

ተራዋ ሲደርስ አንድ የቆየ ዘፈን ከፈተች። ዘፋኟ ቃሉን ስትጨርስ ማሚቶው ቀስ ብሎ ከጣሪያው ሥር ተመለሰ። ያማረ ነበር፣ ግን ጸጥ ያለ።

«ይኼው ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አይደለም» አለችና እጇን ዘርግታ ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቀለችው።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሳ። ዘፋኟ ግን ምንም እንዳልሰማች መዝፈኗን ቀጠለች። ማሚቶው ብቻ ቀረ።

«ምን አደረግሽ?» አለች አክስቲቱ።

«ኮምፒውተሩን አወጣሁት።»

«ዘፈኑስ?»

«ዘፈኑ ምን አገባው?» ወደ ላፕቶፕ ዞረች። «አንተም እያጫወትክ ንቀል።»

ላፕቶፕ አማቹን አየ፣ ከዚያ ገመዱን አየ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ውሸትም አይችልበትም። «እኔ ከነቀልኩ ይቆማል» አለ።

«ማብሪያዋን ግፋትና ንቀል።»

«እሷን ከገፋሁ መክተፉ አይሠራልኝም፣ እትዬ። ዋናው ዘፈን ከሥር መሰማቱን አይተውማ።»

«እኮ» አለች። «አንዱን መምረጥ ነው። እኔ መርጫለሁ።»

አክስቲቱ ኮፍያዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ባለፈው የምረቃ ድግስ ላይ ጭጭ አለ የተባለው እዚህ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ አፉን ከፈተ፤ ባለገመዷ ቀደመችው። «እዚሁ ነው። የቆምኩትም እኔ ነበርኩ።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «የእህቴ ልጅ መሃል ሜዳ ላይ እግሯን እንዳነሳች ስትቀር ማየት አልፈልግም» አለች። «መክተፉ ይቅርብኝ። ቅዳሜ እሷ ትቁም።»

ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ። «መልካም። እንግዲያው አብረው ይሥሩ፤ እሱ ከጎንዎ ሆኖ ይቆጣጠርልናል።»

«ከጎኔ ይቁም፣ ደስ ይለኛል። ኮምፒውተሯን ይጠብቅልኝ። ሚክሰሩን ግን በጣቱ ጫፍ እንዳይነካ።»

ላፕቶፕ መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። «አልነካም» አለ።

«ቢያንስ አሁን ገመዱን ይመልሱት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለደንበኛ ኢፌክት አለን ብለናል።»

«ቅዳሜ እመልሰዋለሁ» አለችና ድምፁን ጨመረችው።