ደመና ላይ ያልተገኘው ፎቶ

ንፋስ መውጫ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከአራቱ የማልረሳው አለቃዬ ባሕር ዳር ሄዶ "ደመና" የሚባል ነገር ተምሮ የመጣበትን ዓመት ነው።

ስልጠናው የሦስት ቀን ነበር። የስልጠናውን ባጅ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንገቱ አላወለቀውም። ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ምርቃቱ፣ ያገሩ ሰው በዕድሜው አንዴ ደህና ልብስ ለብሶ የተነሳው ሁሉ ያለው አንዲት ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። "ይቺ ብትቃጠልስ?" ብሎ የጠየቀው እሱ ነው፤ አልክድም። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ጉድ የሠራን መልሱ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ ፎቶው ሁሉ በኢንተርኔት ይላካል" አለኝ። "ይህ ቤት ዶግ አመድ ቢሆን ሌላ አገር ያለ ማሽን ላይ ይገኛል። ክላውድ ይባላል፣ ደመና ማለት ነው።"

በሩ ላይም በቀይ ቀለም "ፎቶዎ ለዘለዓለም ደመና ላይ ይኖራል" ብሎ አስጻፈ። ለዘለዓለም! ቄሶቹ እንኳ ያቺን ቃል ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚሏት።

ያን ጊዜ የከተማው ኢንተርኔት አንዲት ፎቶ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ያስለምናል። እሱ ላክ የሚለውን ይጫንና ከረምቡላ ሊጫወት ይወጣል።

"መስመሩ እየተቋረጠ ነው እኮ። መድረሱን አይተሃል?" አልኩት አንድ ቀን።

"አውቶማቲክ ነው።"

"እስቲ አንዱን መልሰን አውርደን እንሞክረው።"

"አንቺ ደግሞ! አውቶማቲክ ነው እያልኩሽ!"

ከሦስቱ ቀን ስልጠና ይዟት የመጣ ቃል ይቺው ነበረች። ቅጂውን በሃርድ ዲስክ አድርገን ሌላ ቤት እናስቀምጥ ስለው፣ ኋላ ቀር ብሎ ሳቀብኝ።

ሐምሌ ላይ መብረቅ የመብራቱን መስመር መታው። ስንገባ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከደብረ ታቦር የመጣው ጠጋኝ ኮምፒውተሯን ፈታታና "ከዚች ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም" አለ። አለቃዬ ግን ደስ ያለው ይመስል ነበር። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ጠርቶ፣ ላፕቶፕ ተውሶ፣ "አሁን ነው የሠለጠነ ሰው የሚለየው" ብሎ ተቀመጠ።

ደመናው ተከፈተ። አለቃዬ ባጃጅ ተደግፎ፣ አለቃዬ በጥቁር መነጽር፣ አለቃዬ ባሕር ዳር ዓሣ ፊት ለፊት፣ አለቃዬ ባጁን አንጠልጥሎ። ወደ ታች ቢወርድ፣ ቢወርድ ራሱ ነው። ስልኩ የራሱን ፎቶ ሲልክ ከርሟል፤ የኮምፒውተሯ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ተቋርጦ ቀርቷል። ከደንበኞቻችን የተገኘው ለሙከራ የላከው የአንድ ሙሽራ ጫማ ብቻ ነው።

"ደመናው ካንተ ሌላ ሰው አያውቅም እንዴ?" አለ ልብስ ሰፊው።

በሳምንቱ አንዲት እናት ከወገዳ በኩል፣ በዚያ የጭቃ መንገድ፣ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓምና የልጃቸውን ሠርግ የቀረጽነው እኛ ነን። ባለቤታቸው ሞተው ለተዝካሩ በትልቁ የታተመ ፎቶ ፈልገዋል። ሰውዬው ከዚያ ሠርግ በቀር ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም።

አለቃዬ ስለ መብረቅ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ደመና አንድ ሰዓት የሚያህል አወራ። እሳቸው ቆመው ሰሙትና፣

"ልጄ፣ እሱን ተወው። የባሌ ፎቶ አለ ወይስ የለም?" አሉት።

አንገቱን ደፋ።

ድንገት እዚሁ ከተማ ለሚኖሩት ለሙሽራው አጎት የሠርጉን ሲዲ መስጠታችን ትዝ አለኝ። እሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጬ በዝናቡ ሮጥኩ። አጎትየው ሲዲውን ከቴሌቪዥኑ ሥር ጎትተው አወጡት፤ ተጭሯል። ሲታይ ይቆማል፣ ይዘላል። የወላጆች ምርቃት ላይ ግን ሰውዬው አሉ፤ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸውን ሲመርቁ። ምስሉን አስቁሜ ቀዳሁት። ሌላ ፎቶ ቤት ሄጄ ለመንኳቸው፤ አተሙልኝ።

"ደብዝዟል፣ ይቅር ይበሉን" ብዬ ሰጠኋቸው።

ብዙ አዩት። "እሱ ነው" አሉ። "ሲመርቅ ዓይኑን እንዲህ ጨፈን ያደርጋል።" ከዚያ ነጠላቸው ውስጥ ጠቅልለው፣ ግንባሬን ስመውኝ ወጡ።

ክረምቱን ሙሉ የሰው በር እያንኳኳሁ የድሮ ሲዲ ሰበሰብኩ። ግማሹን ያህል ሠርግ አገኘን፤ ክርስትናውና ምርቃቱ ጠፍቶ ቀረ። አለቃዬ አንድም በር አላንኳኳም።

መስከረም ላይ ለወጣት ነጋዴዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ተሞክሮውን እንዲያካፍል ተጋበዘ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁት። "ከባድ አደጋ ደርሶብን በክላውድ ቴክኖሎጂ የደንበኞቻችንን ፎቶ መልሰናል" አለ። ተጨበጨበለት። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "አደጋው ከመድረሱ በፊት ፎቶውን መልሳችሁ አውርዳችሁ ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?" ብላ ጠየቀችው።

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለና ወደሚቀጥለው ጠያቂ ዞረ።

በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ስልኩን ዘርግቶ ራሱን ፎቶ እያነሳ ነበር።