በእምነት ያቀለልኩት ሕመም

ቅዱሳን፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ለራሴም ገና በቅጡ አልገባኝም። ግራ እንደተጋባሁ ላመስግነው፤ ስሙ ይባረክ!

ሥራዬን ታውቃላችሁ፤ እዚሁ እንጅባራ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነኝ። ሐኪም ካርድ ላይ የጻፈውን ሕመም በቁጥር እየለወጥኩ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። የአንጀት ቁስለቴ የባሰብኝ ጊዜ የራሴው ካርድ እጄ ገባ። ሐኪሙ አንጀቷ ጠቧል፣ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ጽፏል። ለዚህ ሕመም ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ ቁስለት ብቻ ነው የሚል፣ ሌላው ቁስለቱ አንጀቱን አጥብቦታል የሚል። ወገኖቼ፣ እኛ ሕመምን በአፋችን አንናገርም አይደል? ያን ሳምንት እሑድ ተጸልዮልኝ እዚሁ ቆሜ ተፈውሻለሁ ብዬ ነበር። በአፌ ያመንኩትን በጣቴ እንዴት ልካደው? ቀላሉን ቁጥር አስገባሁ። ሃሌ ሉያም ብያለሁ።

ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል የምላክበት የሪፈር ወረቀቴም በዚያው ቁጥር ከኮምፒውተሩ ወጣ። ባሕር ዳር ያዩኝ ሐኪም ወረቀቱን አነበቡና የሁለት ወር ቀጠሮ ሰጡኝ። እኔም ቀጠሮውን ተቀበልኩ። እንዲያውም ይኸው ጌታ አቀለለው ብዬ ደስ አለኝ፤ አብራኝ የሄደችው እህቴ ግን ፊቷ ጠቁሯል።

ስንመለስ ዳንግላ ልንደርስ ስንል ሆዴ ተነፋ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያስመልሰኝ ጀመር። እህቴ ዳንግላ ላይ አውርዳኝ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ተረኛው ሐኪም ሆዴን ዳሰሰ፣ ወረቀቱን አየ፣ መልሶ ሆዴን ዳሰሰ። ሁለቱ አልገናኝ አሉት። ይህን ማን ጻፈው ሲለኝ እኔ ነኝ አልኩ። ለምን ሲለኝ በእምነት አልኩ። አልተቆጣኝም።

«እህቴ፣ ጌታማ ሆድሽን ያያል። ወረቀት የምናነብ እኛ ነን» አለኝ።

አማኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን አለቀስኩ። ጌታ ሆይ፣ አልዳንኩም፣ ፈርቻለሁ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገርኩት። ሰላሙ የመጣልኝ ያኔ ነው፣ ገና ኦፕራሲዮን ሳልሆን። ክብር ለእርሱ ይሁን! በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር መልሰው የጠበበውን አንጀት ቆርጠው አወጡልኝ። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብለዋታል ለእህቴ።

እንግዲህ ያዳነኝ ጸሎታችሁ ነው ወይስ የሐኪሞቹ እጅ? መድኃኒቱን ዛሬም እውጣለሁ፤ ታዲያ ተፈውሻለሁ ልበል? አላውቅም ወገኖቼ። የማውቀው በሕይወት ፊታችሁ መቆሜን ነው፤ ያቆመኝም ኢየሱስ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሥራ እንደገባሁ መጀመሪያ የራሴን ካርድ አስተካከልኩ። ያን ሰሞን ግን፣ ስለምወዳችሁ፣ ከዚህ ጉባኤ የሁለት ሰው ካርድ እንደራሴ አቅልዬ ነበር። እነሱንም አስተካክያለሁ፤ ለሐኪማችንም ነግሬዋለሁ። ስም አልጠራም። ከጸሎቱ በኋላ ወደ ሁለታችሁ እመጣለሁ፤ እጃችሁን ስይዝ አትደንግጡ። ይቅር በሉኝ። ጌታን ታመኑትና ነገ ጠዋት አብረን ወደ ሐኪሙ እንሂድ።